ደወሉ ከመደወሉ በፊት
አጥቢያዎቻችን ለተፈጥሮ አደጋ እንዴት ይዘጋጁ? ከአደጋስ በኋላ እንዴት ያገግሙ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ሌሊቱን በጣለ ከባድ ዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት ለጎረቤቱ ደረሰ፤ አካፋና ዶማ ያገኘ በአካፋና በዶማ፣ ያላገኘ በእጁ አፈሩን ይዝቅ ጀመር። ሰው በዚያ ተሰብስቦ በመቆፈር ላይ ሳለ ግን ናዳው ዳግመኛ ወረደ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ባጡበት በዚያ አደጋ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ።

ይህን የምናነሣው ለማዳን የሮጡትን ለመውቀስ አይደለም። ስለ ወንድሙ ነፍሱን አሳልፎ ከሰጠ ሰው በላይ ፍቅር ያለው ማን ነው? የምናነሣው በብዙ አጥቢያዎቻችን አደጋ ሲደርስ አስቀድሞ የሚደረገው ነገር ደወል መደወል በመሆኑ ነው። ደወሉ ሲሰማ ሕዝቡ ወደ አደጋው ይሮጣል። እንግዲያውስ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በሰላሙ ቀን ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፦ ደወላችን ሕዝቡን የሚጠራው ወዴት ነው? ወደ መዳን ነው ወይስ ወደ ሁለተኛው ናዳ?

መዘጋጀት የእምነት ጉድለት ነውን?

በመስክ ሥራችን ደጋግሞ የሚገጥመን አንድ አነጋገር አለ፤ «ታቦቱ ይጠብቀናል» የሚል። ይህ የአባቶቻችን እምነት ነው፤ እኛም እናምነዋለን። ነገር ግን ጥበቃውን ማመን ከዝግጅት ጋር አይጣላም። ኖኅ የእግዚአብሔርን ቃል ስላመነ መርከብ ሠራ እንጂ ስላመነ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ዮሴፍ የሰባቱን ዓመት ረኃብ በጸሎት ብቻ ሳይሆን በጎተራም ተቀበለው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው፣ የአንጾኪያ ምእመናን ረኃብ እንደሚመጣ ከነቢዩ አጋቦስ በሰሙ ጊዜ እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ልከዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ፦ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ፣ እንደ አቅም መዋጮ፣ ገንዘቡን የሚያደርሱ የታመኑ ሰዎች።

ሁለተኛው አነጋገር ከአደጋ በኋላ የሚሰማው ነው፤ «በኃጢአታቸው ነው የመጣባቸው» የሚል። በዚህ ላይ ጌታችን ራሱ መልስ ሰጥቶበታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ልጁን በናዳ ያጣ አባት ከካህኑ አፍ ፍርድ ከሰማ ሁለት ጊዜ ተቀበረ ማለት ነው። ንስሐን መስበክ የሁላችን አገልግሎት ነው፤ ስብከቱ ግን ለሁላችንም እንጂ በሐዘንተኛው ላይ ተለይቶ የሚወረወር ድንጋይ መሆን የለበትም።

የአካባቢያችንን አደጋ እንወቅ

አደጋ በየስፍራው መልኩ ይለያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ «በእኛ አጥቢያ ምን ሊደርስ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ከባለሙያው በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎች ይጠየቁ።

የመሬት መንቀጥቀጥ በስምጥ ሸለቆና በምዕራባዊ ግርጌው ለሚኖሩ አጥቢያዎች እንግዳ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋና መንገድም በናዳ ተጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው ለወራት የዘለቀው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ምድርን ሰነጣጥቆ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ከጠንካሮቹ አንዱ የደረሰው ታኅሣሥ 26 ቀን ለልደት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ሲሆን ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ያ ንዝረት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ በሕዝብ በተሞላ ሰዓት ቢደርስ ምን ይሆን ነበር? ሕዝቡ በየትኛው በር ይወጣ ነበር?

የመሬት ናዳ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። በተዳፋት መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍና አጥር ወደ ቁልቁለቱ ሲያጋድል፣ የምንጭ ውኃ በድንገት ሲደፈርስ ወይም ምንጭ ባልነበረበት ሲፈልቅ፣ ያለ ምክንያት የቤት በር አልዘጋ ሲል፣ ዝናቡም ለቀናት ሳያቋርጥ ሲጥል ተራራው እየተናገረ ነው። እነዚህን ምልክቶች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዩት እረኞች፣ ውኃ ቀጂ ሴቶችና የአብነት ተማሪዎች ናቸው። ያዩትን ለማን እንደሚናገሩ ግን አልተነገራቸውም።

ጎርፍ ዝናቡ በሌለበትም ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ ደጋው ላይ ከዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ በደቻቱ ወንዝ የወረደ ሲሆን፣ ከተማው ላይ የደረሰው ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት ነበር። ስለዚህ በቆላ ያለ አጥቢያ በተፋሰሱ ራስ ላይ ካለው የደጋ አጥቢያ ጋር የስልክ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል። በዚህ ረገድ ቤተ ክርስቲያናችን ከማንም የተሻለ ዕድል አላት፤ ከደጋ እስከ ቆላ አገልጋይ የሌላት ስፍራ ጥቂት ነውና።

መብረቅም አይዘንጋ። አብያተ ክርስቲያናቶቻችን በኮረብታ ራስ ላይ ይተከላሉ፤ ጉልላታቸውም ከሁሉ ከፍ ያለ ነው። ብረት የሆነ ጉልላት ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ከሌለው መብረቁን ወደ ጣሪያው ይጋብዛል። የመብረቅ መከላከያ በባለሙያ ማስተከል ከጣሪያ እድሳት ጋር አብሮ ሊታቀድ የሚገባው ሥራ ነው።

በአንድ ስብሰባ የሚወሰኑ አምስት ነገሮች

ዝግጅት ሲባል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የሚመስላቸው ሰበካ ጉባኤያት አሉ። ከዚህ በታች ያሉት አምስቱ ግን ከወረቀትና ከውሳኔ በቀር ብዙ ወጪ የላቸውም።

1. የደወሉ ትርጉም ይወሰን። የአደጋ ደወል ከቅዳሴም ሆነ ከሐዘን ደወል የተለየ ምት ይኑረው። ትርጉሙም «ወደ አደጋው ሩጡ» ሳይሆን «ከቤት ወጥታችሁ ወደ መሰብሰቢያው ኑ» ይሁን። መሰብሰቢያው ከገደል ሥር፣ ከወንዝ ዳርና ከሚወድቅ ግንብ የራቀ ሜዳ መሆን አለበት። ለርዳታ የሚሄዱት ከዚያ ተመርጠው፣ ተራራውን የሚመለከት ጠባቂ አቁመው ይሄዳሉ። ደወሉ በድንጋይ ማማ ላይ ከሆነ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ደዋዩን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ፣ ጥንት አባቶች ያደርጉት እንደነበረው በዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ሁለተኛ ደወል ይዘጋጅ። ድምፁ ለማይደርስባቸው መንደሮች መልእክተኛ ይመደብ። ይህ ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ በተደጋጋሚ ይነገር፤ ያልተነገረ ምልክት ምልክት አይደለምና።

2. ራሳቸውን ማውጣት የማይችሉ ሰዎች ይመዝገቡ። የነፍስ አባት በየቤቱ ማን አልጋ ላይ እንደ ዋለ፣ ማን ማየት እንደተሳነው፣ ማን ብቻዋን እንደምትኖር ያውቃል። ይህ እውቀት በካህኑ ልብ ብቻ ከቀረ በጭንቅ ሰዓት አይጠቅምም። ምሥጢረ ንስሐን የሚነካ ነገር ሳይገባበት ስምና ስፍራ ብቻ ተጽፎ፣ ለእያንዳንዱ ደካማ ሁለት የቅርብ ጎረቤቶች ይመደቡ። ዕድሩና ሰንበቴው ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ ማኅበራት ናቸው።

በዚህ ነጥብ ላይ ያየነውን እንናገር። በአንድ የገጠር አጥቢያ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ በመልካም ሁኔታ የተያዘ የምእመናን መዝገብ አሳዩን፤ አባወራው፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የአስተዋጽኦው ክፍያ ሁሉ ተጽፏል። ከቅጥሩ በታች በቦረቦር ጠርዝ ላይ ስላሉት ትናንሽ ጎጆዎች ጠየቅናቸው። «የቆሎ ተማሪዎች ናቸው» አሉን። ስንት እንደሆኑ ስንጠይቅ ግን ጸሐፊው ወደ መምህሩ ተመለከቱ፤ የኔታም ጥቂት አስበው «ሠላሳ ይሆናሉ፤ አርባም ይሆናሉ» አሉ። ከሩቅ ሀገር የመጡ፣ በአጥቢያው ዘመድ የሌላቸው ሕፃናት ናቸው። ያ ቦረቦር በሌሊት ቢናድ ማን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ፣ ለወላጆቻቸውስ ወዴት እንደሚነገር የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ አደራችን ይህ ነው፦ የተማሪዎቹ ስም፣ የመጡበት ሀገርና የወላጅ ወይም የዘመድ አድራሻ በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ይግባ፤ ጎጆዎቻቸውም ከጠርዝ ይራቁ።

3. ስለ ታቦቱ አስቀድሞ መመሪያ ይጠየቅ። ታቦተ ሕጉን ማንሣት ለተሾሙ ካህናት ብቻ የተፈቀደ ነው። ይህ ሥርዓት በአደጋ ጊዜ አይሻርም፤ ስለዚህም ነው አስቀድሞ መታሰብ ያለበት። የትኞቹ ካህናት ያወጣሉ? እነርሱ ባይኖሩ ተተኪው ማን ነው? በጊዜያዊነት የሚያርፈው በየትኛው አጥቢያ ነው? ከመንቀጥቀጥ በኋላ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሳለ ካህኑ ይግባ ወይስ ንዝረቱ እስኪበርድ ይቆይ? በዚህ ላይ ሥርዓት ማውጣት የእኛ ድርሻ አይደለም። የምንለው ጥያቄው በሰላሙ ጊዜ በወረዳ ቤተ ክህነቱ በኩል ለሀገረ ስብከቱ ይቅረብ፣ መልሱም በጽሑፍ ይያዝ ነው። ካህናት ይህን ከባድ ውሳኔ አቧራው ባልጠራበት ሰዓት ብቻቸውን እንዲወስኑ መተው አይገባንም።

4. ንዋያተ ቅድሳት ይቆጠሩ። ብዙ አጥቢያዎች ዝርዝር ማዘጋጀትን የሚፈሩት ለሌባ መንገድ ይጠቁማል ብለው ነው። ስጋቱ እውነት አለው፤ መልሱ ግን አለመቁጠር ሳይሆን ዝርዝሩን መጠበቅ ነው። የእያንዳንዱ መስቀል፣ ጽና፣ ሥዕልና የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ፣ ልኩና መለያ ምልክቱ ተመዝግቦ በሁለት ቅጂ ታሽጎ ይቀመጥ፤ አንዱ በአጥቢያው፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ። በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍ። ከጎርፍ ወይም ከእሳት በኋላ ምን እንደተረፈና ምን እንደጎደለ ለማወቅ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም፤ የተሰረቀ ቅርስ ቢገኝም የእኛ መሆኑ የሚረጋገጠው በዚሁ መዝገብ ነው። በዕቃ ቤቱም ብራናዎች ከወለል ከፍ ብለው በመደርደሪያ ይቀመጡ።

5. በሮቹ ይፈተሹ። በንግሥ በዓል ዕለት የወንዶችም የሴቶችም በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ በበሩ ፊት ሳጥን፣ ምንጣፍ ወይም ከበሮ አለመከማቸቱን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ይመደብ። ትላልቅ ሥዕሎችና የተንጠለጠሉ መብራቶች በሚገባ ይታሰሩ። ጧፍና ሻማ ከመጋረጃ ይራቁ።

በአደጋው ሰዓት

ሕዝቡ በቤተ መቅደስ ሳለ ምድር ብትንቀጠቀጥ ከንዝረቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግፊያው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሠለጠኑ ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየበሩ ቆመው ሕዝቡን ያረጋጉ። ንዝረቱ እስኪያልፍ ራስን በክንድ መሸፈን፣ ከመስታወት፣ ከተንጠለጠለ ነገርና ሊፈርስ ከሚችል ግድግዳ መራቅ፣ ንዝረቱ ሲቆም ደግሞ በሥርዓት ወጥቶ ሜዳ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ጧፉና የጽናው እሳት ይጥፋ፤ ኤሌክትሪክ ይቋረጥ። ከመጀመሪያው ንዝረት በኋላ ሌሎች ስለሚከተሉ፣ ጫማም ይሁን ነጠላ ወይም መጽሐፍ ለመውሰድ ማንም አይመለስ።

በጎርፍ ጊዜ ደግሞ የሚፈስስ ውኃ ጥልቀቱ ትንሽ ቢመስልም ሰውን ያንሸራትታል፤ መኪናም ይወስዳል። «ሁልጊዜ የምንሻገረው ነው» በሚባለው መሻገሪያ ብዙ ሰው ጠፍቷል። ለቅዳሴ የሚመጣ ካህን እንኳ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቢዘገይ አይወቀስ።

ማገገም፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዓመቱ

አደጋው ባለፈ ማግሥት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተፈናቃይ መጠለያ ይሆናል። ሰው የሚመጣው ወደሚያምነው ስፍራ ነውና ይህ ለእኛ ክብር ነው፤ ኃላፊነትም ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃና ከውኃው የራቀ መጸዳጃ ነው። ከጎርፍ በኋላ የሚከተለው ተቅማጥ በጊዜው ካልተገታ ጎርፉ ያተረፈውን ይወስዳል። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየና መብራት ያለው ማደሪያ ይዘጋጅ። የመጣው ሁሉ ከቀበሌው ጋር በመተባበር ይመዝገብ።

ርዳታ ሲከፋፈል መለኪያው ችግሩ እንጂ ሃይማኖቱ፣ ብሔሩ ወይም የሰበካ ክፍያው አይደለም። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ከማንሣቱ በፊት ከየት ወገን እንደሆነ አልጠየቀውም። የገባው ገንዘብና እህል በደረሰኝ ይግባ፣ በፊርማ ይውጣ፣ በየሳምንቱም በዐውደ ምሕረት ለሕዝብ ይነገር። በአደጋ ጊዜ የተነሣ ጥርጣሬ ለዓመታት ሰበካ ጉባኤውን ያዳክማል፤ ለሕዝብ የተነበበ ሒሳብ ግን ለሚቀጥለውም አደጋ የሰውን እጅ ይከፍታል።

የረጠበ የብራና መጽሐፍ ቢገኝ አይቸኮልበት። በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር የደረቀ ብራና ይጨማደዳል፤ ይኮማተራል፤ ቀለሙም ይጎዳል። የተጣበቀ ቅጠል በግድ አይላቀቅ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ አድርጎ ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

በእድሳትም እንዲሁ ነው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ1940ዎቹ አጋማሽ ዝናቡን ለመከላከል በቅን ልቡና የተቀባው ሬንጅና ቀይ ቀለም በኋላ ለአለቱ የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ባለሙያዎች በብዙ ድካም አንሥተውታል። በጭቃና በድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ግድግዳም በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ወደ ውስጥ ይታፈናል። በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ እድሳቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊሠራ የሚገባው መደገፍ፣ መሸፈንና ውኃውን ማራቅ ብቻ ነው። አዲስ የሚሠራ ከሆነ ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ስፍራው ይጠና፤ የፈረሰውን በፈረሰበት ስፍራና አሠራር መልሶ መሥራት አደጋውን መልሶ መጋበዝ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደንም ከአደጋ መከላከያዎቻችን አንዱ ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ከተራቆተው ተራራ መካከል አረንጓዴ ሆነው የሚታዩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች አፈሩን በሥራቸው ይዘው፣ የዝናቡን ኃይል በቅጠላቸው ሰብረው፣ ምንጩን ያኖራሉ። ደኑን ለአዳራሽ ግንባታ ወይም ለገቢ ባሕር ዛፍ መቁረጥ ከመወሰኑ በፊት ደኑ የያዘው ተዳፋት የት እንደሚወርድ ይታሰብ።

በመጨረሻም የሆነው ሁሉ ይጻፍ። ስለ ሀገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያጠኑ ምሁራን ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል በግእዝ የተጻፉ ዜና መዋዕሎች ይገኛሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ውኃው የደረሰበትን ልክ፣ የሞቱትን ስም ጽፎ ማስቀመጥ ለሟቾቹ መታሰቢያ፣ ለሚመጣው ትውልድ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

የዓመቱ ዑደት

ሥራው እንዳይረሳ ከበዓላቱ ጋር ማያያዝ ይበጃል። ከመስቀል በኋላ ክረምቱ ያደረሰው ጉዳት ይፈተሽ፤ ከልደትና ከጥምቀት በፊት በሮችና የሕዝብ መውጫዎች ይታዩ፤ በበጋው እሳት እንዳይዛመት የቅጥሩ ዙሪያ ሣር ይጽዳ፤ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የውኃ መውረጃ ቦዮች ይጠረጉ፣ የደካሞችና የተማሪዎች መዝገብ ይታደስ፣ የአደጋው ደወል አንድ ጊዜ ለልምምድ ይደወል። ከሙዳየ ምጽዋቱ ገቢ ትንሽም ብትሆን ለዚሁ ተለይታ የምትቀመጥ ገንዘብ ትኑር።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ በገባ በሚቀጥለው ስብሰባ ከአጀንዳችሁ አንዱን ለዚህ እንድታደርጉ በትሕትና እንጠይቃለን። ሁሉም በአንድ ቀን ካልተቻለ በቀላሉ ይጀመር፦ ዛሬ ወደ የኔታ ሂዱና ተማሪዎቹን በስማቸው ቁጠሩ። ከዚያም ደወሉን ተመልክታችሁ ወዴት እንደሚጠራ ወስኑ። የምሕረት አምላክ አጥቢያዎቻችንን ከመቅሠፍት ይጠብቅልን፤ እኛንም በአደራችን የታመንን ያድርገን። አሜን።